የሕዝብ አስተያየት ጥናትና አናሳ መንግሥት፦ የካናዳ ክፍለ ግዛቶች ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2020 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት መሪ ጆን ሆርጋን የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተበትኖ አዲስ ምርጫ እንዲካሄድ የዘውዱን እንደራሴ ጠየቁ። መንግሥታቸው በምክር ቤት ድምፅ አልተሸነፈም። በሕግ የተወሰነው የምርጫ ቀን ኦክቶበር 16 ቀን 2021 በመሆኑ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝም በዚያው ሰሞን እንደገና በማገርሸት ላይ ነበር። ሆርጋን ለውሳኔያቸው የሰጡት ምክንያት፣ ወረርሽኙን ለመቋቋም የጸና መንግሥት ያስፈልጋል የሚል ነው። ተቀናቃኞቻቸው ግን ምክንያቱን የፈለጉት በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ውስጥ ነበር፤ የመሪው ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ወደ 50 በመቶ ተጠግቶ፣ ዋነኛውን ተቃዋሚ ሊበራል ፓርቲ በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበርና።

ከመቀመጫዎቹ ከግማሽ በላይ የያዘ ፓርቲ በሚያስተዳድርበት ዘመን በምርጫዎች መካከል የሚወጣ የአስተያየት ጥናት ከመነጋገሪያነት እምብዛም አያልፍም። መንግሥት በሕዝብ ዘንድ ቢጠላም የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ይወርዳል። አናሳ መንግሥት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ምርጫው በማንኛውም ወር ሊጠራ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ፓርቲ በጀት ሲቀርብም ሆነ የመተማመኛ ድምፅ ሲሰጥ አስቀድሞ የሚያየው «ዛሬ ሕዝብ ድምፅ ቢሰጥ ምን እናገኛለን?» የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው፣ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም፣ የአስተያየት ጥናቱ ነው።

አናሳ መንግሥት የሚባለው ከምክር ቤቱ መቀመጫዎች ከግማሽ በታች በያዘ ፓርቲ የሚመሠረት መንግሥት ነው። ከጥምር መንግሥት ይለያል። በጥምር መንግሥት ውስጥ ፓርቲዎች የሚኒስትርነት ሥልጣን ይከፋፈላሉ፤ በአናሳ መንግሥት ግን ካቢኔው የአንድ ፓርቲ ሆኖ፣ ሌሎች ከውጭ ሆነው ድምፃቸውን ያውሱታል ወይም ይነፍጉታል። በካናዳ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ምክር ቤትና «ፕሪሚየር» ተብሎ የሚጠራ የመንግሥት መሪ አለው። ፕሪሚየሩ በመተማመኛ ድምፅ ከተሸነፈ ወይ ሥልጣኑን ለሌላ ያስረክባል፣ ወይ ምክር ቤቱ እንዲበተን ይጠይቃል። ጥያቄው የሚቀርብለት የዘውዱ እንደራሴ በአብዛኛው እሺ ይላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለንጽጽር ያህል፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 60 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን ሊበትን የሚችለው በራሱ በምክር ቤቱ ፈቃድ መሆኑን ደንግጓል። በካናዳ ግን የምርጫ ቀን የሚወስኑ ሕጎች ቢኖሩም የእንደራሴውን ሥልጣን ስለማይገድቡ፣ ቀኑን የመምረጥ ዕድል በተግባር በፕሪሚየሩ እጅ ነው።

የብሪቲሽ ኮሎምቢያው አናሳ መንግሥት የተወለደው ከአንድ እጅግ የተቀራረበ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2017 በተካሄደው ምርጫ ለ16 ዓመታት የገዛው ሊበራል ፓርቲ 43፣ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ 41፣ አረንጓዴ ፓርቲ ደግሞ 3 መቀመጫዎችን አገኙ። ምክር ቤቱ 87 መቀመጫዎች ስላሉት አብላጫ ለመያዝ 44 ያስፈልግ ነበር። የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የድምፅ ድርሻ 40.36 እና 40.29 በመቶ ነበር። ኮርትኒ-ኮሞክስ በተባለው የምርጫ ክልል የምርጫው ሌሊት ልዩነት 9 ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻው ቆጠራ ወደ 189 አሳድጎታል። ያ መቀመጫ ለሊበራሎች ሄዶ ቢሆን ኖሮ አብላጫውን ይይዙ ነበር፤ ቀጥሎ የተተረከው ሁሉ ባልተከተለም።

ፕሪሚየር ክሪስቲ ክላርክ ለጊዜው በሥልጣን ቢቆዩም፣ ኒው ዴሞክራቶችና አረንጓዴዎች የድጋፍ ስምምነት ተፈራርመው ጁን 29 ቀን 44 ለ42 በሆነ ድምፅ መንግሥታቸውን ጣሉት። ክላርክ አዲስ ምርጫ እንዲጠራ ጠየቁ። እንደራሴዋ ጁዲት ጊሾን ግን ጥያቄውን ሳይቀበሉ ሆርጋን መንግሥት እንዲመሠርቱ ጋበዟቸው። በስምምነቱ መሠረት አረንጓዴዎቹ በበጀትና በመተማመኛ ድምፅ መንግሥቱን ይደግፋሉ፤ ሆርጋንም በመተማመኛ ድምፅ ካልተሸነፉ በቀር ምክር ቤቱ እንዲበተን አይጠይቁም። ሆርጋን በ2020 የጣሱት ይህን ቃል ነው እየተባሉ የተከሰሱትም ከዚህ የተነሣ ነው።

መንግሥቱ በሁለት ድምፅ ልዩነት ላይ ቆሞ ከሦስት ዓመት በላይ የዘለቀው በምን ምክንያት ነው? የመጀመሪያው ምክንያት የሊበራሎቹ የውስጥ ሁኔታ ነው። ክላርክ በዚያው ክረምት ከመሪነት ሲለቁ፣ ፓርቲው አንድሩ ዊልኪንሰንን እስከመረጠበት እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ድረስ ቋሚ መሪ አልነበረውም። ቋሚ መሪ የሌለው ፓርቲ ምርጫን ይሸሻል። የአፈ ጉባኤው ጉዳይም አለ። አፈ ጉባኤው ድምፅ የሚሰጠው እኩል ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ከመንግሥቱ ወገን አንድ ሰው ቢወሰድ ምክር ቤቱ 43 ለ43 ይሆን ነበር። ዳሪል ፕሌካስ የተባሉ የሊበራል አባል በሴፕቴምበር 2017 ቦታውን ሲቀበሉ ችግሩ ተቃለለ፤ እርሳቸውንም ፓርቲያቸው አባረራቸው።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያት ግን የጥናቶቹ ውጤት ነው። ከ2017 መጨረሻ እስከ 2019 መጨረሻ በወጡት ጥናቶች ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ተፈራርቀው ይመሩ ነበር፤ ልዩነታቸውም በአብዛኛው ከጥናቶቹ የስህተት ህዳግ የማያልፍ ነበር። መንግሥቱ የድልድይ ክፍያ አስቀርቷል፣ የኩባንያዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን የፖለቲካ መዋጮ ከልክሏል፣ በባዶ ቤቶች ላይ ያነጣጠረ ግብር ጥሏል። በሌላ በኩል አረንጓዴዎቹ የሚቃወሙትን የሳይት ሲ ግድብ ግንባታ አስቀጥሏል፤ በፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ ጉዳይም ተጋጭተዋል። ይህ ሁሉ የፓርቲዎቹን ድጋፍ ወዲያም ወዲህም ብዙ አላነቃነቀውም። ማንም ለማሸነፍ እርግጠኛ ስላልነበረ ምርጫውን የቸኮለ አልነበረም። ለመንግሥቱ መጽናት የጠቀመው የራሱ ተወዳጅነት ሳይሆን የሁሉም ወገን ጥርጣሬ ነበር ማለት ይቻላል።

የአረንጓዴዎቹ ዕጣ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። መንግሥቱን ለመጣል የሚበቃ ቁጥር በእጃቸው ነበር፤ ይሁንና ምርጫ ቢጠራ ከሁሉ የበለጠ ሊጎዱ የሚችሉትም እነርሱ ነበሩ። በ2017 ያገኙት 16.84 በመቶ ድምፅ ያስገኘላቸው ሦስት መቀመጫ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም ያሉት በቫንኩቨር ደሴትና በአካባቢዋ ነው። ትልቁ ጥያቄያቸው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱ በተመጣጣኝ ውክልና እንዲተካ ሲሆን፣ በ2018 መጨረሻ በፖስታ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 61.3 በመቶው መራጭ ነባሩን ሥርዓት መረጠ።

ከአንድ ወር በኋላ በጃንዋሪ 2019 በናናይሞ ከተማ የተካሄደው የማሟያ ምርጫ ይህን አጣብቂኝ በግልጽ አሳየ። ቦታው ለሊበራሎች ቢሄድ ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ይሆን ነበር። ከምርጫው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የወጣ አንድ ጥናት የሊበራሉን ዕጩ በሰፊ ልዩነት ቀዳሚ አደረገ። ውጤቱ ሲቆጠር ግን የኒው ዴሞክራቶች ዕጩ ሺላ ማልኮምሰን ግማሽ ያህሉን ድምፅ ይዘው አሸነፉ። የአረንጓዴ ፓርቲ ድርሻ በዚያ ከተማ በ2017 ከነበረበት 20 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። መንግሥቱ እንዳይወድቅ የፈለጉ የአረንጓዴ ደጋፊዎች፣ ያ መንግሥት በፓርቲያቸው ድጋፍ የቆመ ቢሆንም፣ ድምፃቸውን ለትልቁ ፓርቲ የሰጡ ይመስላል። ደጋፊ ፓርቲ ከመንግሥት ሥራ ወቀሳውን ሲካፈል ምስጋናው ለገዢው ይቀራል።

ይህ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በኦንታሪዮ ለ42 ዓመታት የገዛው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት 52 መቀመጫ ይዞ ቀረ፤ 48 መቀመጫ ያላቸው ሊበራሎች በዴቪድ ፒተርሰን መሪነት፣ 25 መቀመጫ ካላቸው የቦብ ሬይ ኒው ዴሞክራቶች ጋር የሁለት ዓመት የጽሑፍ ስምምነት አድርገው ሥልጣን ያዙ። ስምምነቱ ሲያበቃ ፒተርሰን ወደ ምርጫ ሄዱና በ1987 ከ130 መቀመጫዎች 95ቱን ወሰዱ። ለዚያ ያበቋቸው ኒው ዴሞክራቶች 19 ብቻ ቀራቸው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ አረንጓዴዎች ይህን ታሪክ ሳያውቁት አልቀሩም።

በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲገባ ለሁለት ዓመት ተኩል የረጋው የአስተያየት ሚዛን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰበረ። የክፍለ ግዛቷ የጤና ኃላፊ ዶክተር ቦኒ ሄንሪ በየቀኑ በሚሰጡት መግለጫ የሕዝብን አመኔታ አተረፉ። ሆርጋንም መድረኩን ለባለሙያዋ በመልቀቃቸው የግል ተቀባይነታቸው ከ60 በመቶ በላይ ወጣ፤ ከካናዳ ፕሪሚየሮች መካከልም በቀዳሚነት ተቀመጡ። በአደጋ ጊዜ ሕዝብ በመሪው ዙሪያ መሰባሰቡ በብዙ አገር የታየ ነው፤ ጊዜያዊ መሆኑም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ድጋፍ ከመርገፉ በፊት ይታጨዳል ወይስ አይታጨድም የሚል ሆነ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ሁለት ነገሮች አብረው ሆኑ። በሌላኛዋ የካናዳ ጫፍ በኒው ብራንስዊክ አናሳ መንግሥት ይመሩ የነበሩት ብሌን ሂግስ፣ በወረርሽኙ መካከል በጠሩት ምርጫ ከ49 መቀመጫዎች 27ቱን አግኝተው አብላጫ ያዙ። በዚያው ዕለት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ አረንጓዴ ፓርቲ ሶንያ ፈርስተኖን መሪ አድርጎ መረጠ። ሆርጋን ምርጫውን የጠሩት ልክ በሳምንቱ ነው፤ አዲሷ መሪ ጽሕፈት ቤታቸውን እንኳ ሳያደራጁ።

በኦክቶበር 24ቱ ምርጫ ኒው ዴሞክራቶች 47.7 በመቶ ድምፅና 57 መቀመጫ፣ ሊበራሎች 28፣ አረንጓዴዎች 2 አገኙ። ለብዙ ዘመን የሊበራሎች ምሽግ ተብለው ይቆጠሩ የነበሩት ላንግሊና ቺሊዋክ እንኳ እጅ ሰጡ። የአረንጓዴዎቹ ድርሻ በጥቂቱ ብቻ ወርዶ 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ ነገር ግን የመንግሥት ዕጣ የሚወስን ኃይል መሆናቸው አበቃ።

ከዚህ ተነሥቶ «በጥናት የመራ ምርጫ ይጥራ» የሚል ምክር የሚሰጥ ካለ፣ የኬቤክን ታሪክ ማንበብ ይኖርበታል።

በኬቤክ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2012 በተካሄደው ምርጫ፣ ክፍለ ግዛቷ ከካናዳ እንድትለይ የሚታገለው ፓርቲ ኬቤኳ 31.95 በመቶ ድምፅና ከ125 መቀመጫዎች 54ቱን አገኘ። ፖሊን ማርዋም የኬቤክ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሪሚየር ሆኑ። ሊበራሎች 50፣ ኮአሊስዮን አቬኒር ኬቤክ 19፣ ኬቤክ ሶሊዴር 2 መቀመጫ ነበራቸው። የማርዋ መንግሥት እንደ ሆርጋኑ የተጻፈ የድጋፍ ስምምነት አልነበረውም፤ በየአጀንዳው ድምፅ እየለመነ ነበር የሚኖረው። ሊበራሎች መሪያቸው ዣን ሻሬ በራሳቸው የምርጫ ክልል ተሸንፈው ስለለቀቁ እስከ ማርች 2013 ድረስ በጊዜያዊ መሪ ይመሩ ነበር፤ በዚህም መንግሥቱን ለመጣል አልደፈሩም። ፊሊፕ ኩያር ሲመረጡ ጥናቶቹ ተገልብጠው ሊበራሎችን ወደፊት አመጡ። ያን ጊዜ ምርጫ ያልፈለገው ደግሞ መንግሥቱ ነበር።

በ2013 መጸው ማርዋ የመንግሥት ሠራተኞች ጎላ ያሉ የሃይማኖት ምልክቶችን እንዳይለብሱ የሚከለክል ቻርተር አቀረቡ። ክርክሩ ክፍለ ግዛቷን ለሁለት ከፈለ፤ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ መካከል ግን የፓርቲ ኬቤኳን ድጋፍ ከፍ አደረገው። ሚስጥሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የሊበራሎች ድምፅ በሞንትሪያል ዙሪያ በሚገኙ የምርጫ ክልሎች ተከማችቷል። እዚያ በ30 ሺህም ሆነ በ3 ድምፅ ማሸነፍ ያው አንድ መቀመጫ ነው። በሌላው የክፍለ ግዛቱ ክፍል መቀመጫ የሚወስነው የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ድምፅ ነው። ስለዚህ በ2014 መግቢያ የወጡት ጥናቶች፣ በጠቅላላ ድምፅ ፓርቲ ኬቤኳን በጥቂቱ ብቻ ቢያስቀድሙም፣ በመቀመጫ ሲሰሉ አብላጫ የሚያስገኙ ነበሩ። ማርዋ ከወራት በፊት በራሳቸው መንግሥት ዘመን የጸደቀውን የምርጫ ቀን ሕግ ወደ ጎን ትተው ማርች 5 ቀን 2014 ምርጫ ጠሩ።

ከአራት ቀን በኋላ የመገናኛ ብዙኃን ባለሀብቱ ፒየር ካርል ፔላዶ የፓርቲው ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ጡጫቸውን ወደ ላይ ሰንዝረው ኬቤክን አገር ለማድረግ እንደሚታገሉ ሲናገሩ የምርጫው ርእስ ተለወጠ። ስለ ቻርተሩ ይከራከር የነበረው መራጭ ስለ ሌላ የመገንጠል ሕዝበ ውሳኔ መጠየቅ ጀመረ፤ ያን ደግሞ አብዛኛው አልፈለገም። ኤፕሪል 7 ቀን ሊበራሎች 41.5 በመቶ ድምፅና 70 መቀመጫ አገኙ። ፓርቲ ኬቤኳ ወደ 25.4 በመቶና ወደ 30 መቀመጫ ወረደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተወዳደረበት ከ1970 ወዲህ ዝቅተኛው ድርሻው ነበር። ማርዋ የራሳቸውን መቀመጫም አጡ። በጥናቶቹ ከስሯል ተብሎ የነበረው ኮአሊስዮን አቬኒር ኬቤክ ደግሞ ወደ 23 በመቶ አንሠራርቶ 22 መቀመጫ ያዘ።

የጥር ጥናቶች ሐሰት ነበሩ ማለት አይደለም። የለኩት ነገር ሌላ ነበር። በምርጫዎች መካከል «ዛሬ ምርጫ ቢኖር» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው ስለ መንግሥቱ ያለውን ስሜት ነው። ምርጫው እውነት ሲሆን ግን «ይህን ፓርቲ ሙሉ ሥልጣን ብሰጠው ምን ያደርግበታል?» ብሎ ያስባል። አናሳ መንግሥት ልጓም ያለው መንግሥት ነው። አብላጫ ስጡኝ ሲል ልጓሙ ይውለቅልኝ እያለ መሆኑን መራጩ አይስተውም። ሆርጋን ልጓሙ ቢወልቅ ብዙ ሰው የሚያሰጋው አልነበሩም፤ ማርዋ ግን ነበሩ።

ቁጥሮቹን ራሳቸውን ማንበብም ጥንቃቄ ይሻል። 800 ሰዎች በዕጣ ተመርጠው የሚጠየቁበት ጥናት፣ ከ20 ጊዜ 19ኙን ከእውነተኛው አሃዝ 3.5 ነጥብ ወደላይ ወይም ወደታች ውስጥ ይሆናል። አንድ ፓርቲ 39፣ ሌላው 36 ቢያገኝ መሪው አይታወቅም ማለት ነው። ጋዜጦች በብዛት የሚስቱት ግን የአካባቢ ዝርዝሩን ነው። ከ800ዎቹ መካከል የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች 100 ብቻ ከሆኑ ህዳጉ ወደ 10 ነጥብ ይሰፋል፤ እናም «በደሴቲቱ ድጋፉ በ8 ነጥብ ወረደ» የሚለው ዜና ምንም ያልተፈጠረበት ሊሆን ይችላል። በበይነ መረብ ፈቃደኞችን እያሰባሰቡ የሚሠሩት ጥናቶች ደግሞ የዕጣ ናሙና ስላልሆኑ ህዳጉ ለእነርሱ የሚነገረው በግምት ነው። ለአንድ ጥናት ከመደንገጥ፣ አንድ ድርጅት በተመሳሳይ ዘዴ በተከታታይ ያወጣቸውን ውጤቶች አቅጣጫ መከተል ይሻላል።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይህን ቀድማ ተምራዋለች። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ጥናቶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በአድሪያን ዲክስ የሚመሩትን ኒው ዴሞክራቶች አሸናፊ አድርገው፣ ብዙዎቹም የ8 ወይም የ9 ነጥብ ልዩነት ሰጥተዋቸው ነበር። ውጤቱ 44.1 ለ39.7 ሆኖ ክላርክ 49 መቀመጫ ይዘው ተመለሱ። ቆይቶ የተሰጠው ማብራሪያ ሁለት ነገር ያጣምራል፦ በጥናት መልስ የሚሰጠው ወጣት ሁሉ ድምፅ ለመስጠት አለመውጣቱን፣ እንዲሁም በመጨረሻዎቹ ቀናት ሐሳቡን የቀየረ መራጭ መኖሩን። በ2020 ምርጫው ሲጠራ 50 በመቶ የተጠጋ ድጋፍ የነበራቸው ኒው ዴሞክራቶች እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከ2013 ትዝታ ነፃ አልነበሩም።

የጥናቶች ኃይል እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ግን በዚያችው ክፍለ ግዛት ከአራት ዓመት በኋላ ታየ። በ2023 ስሙን ወደ ቢሲ ዩናይትድ የቀየረው የቀድሞው ሊበራል ፓርቲ፣ በ2020 ምርጫ 1.9 በመቶ ድምፅ ብቻ አግኝቶ የነበረው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ በየጥናቱ ሲያልፈው ቆየ። ኦገስት 28 ቀን 2024፣ ምርጫው ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ መሪው ኬቪን ፋልከን የምርጫ ዘመቻውን አቋረጡ። በ2017 ከፍተኛውን መቀመጫ ይዞ የነበረው ፓርቲ አንድም የድምፅ ሳጥን ሳይከፈት ከውድድሩ ወጣ። በኦክቶበር 19ኙ ምርጫ ወግ አጥባቂዎች 44፣ አረንጓዴዎች 2 መቀመጫ ሲያገኙ፣ በዴቪድ ኢቢ የሚመሩት ኒው ዴሞክራቶች ከ93 መቀመጫዎች 47ቱን፣ ማለትም የመጨረሻዋን ጠባብ አብላጫ ያዙ። ወሳኟ መቀመጫ ሰሪ-ጊልድፎርድ በድጋሚ ቆጠራ የጸናችው በ22 ድምፅ ልዩነት ነበር። ኢቢም ከሁለቱ የአረንጓዴ ተመራጮች ጋር እንደገና የትብብር ስምምነት አደረጉ።